ጄሉ ከመቀባቱ በፊት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከፋርጣ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንትና ከፎገራ የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ አዋላጆች፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ካህናት አባቶቻችን፤

ዛሬ የምናገረው በአልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ በባለሙያውና በነፍሰ ጡሯ መካከል ሊኖር ስለሚገባው ንግግር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ አንዲት የገጠር እናት አልትራሳውንድ የምታየው ነገሩ ከከፋ በኋላ፣ ሪፈር ተጽፎላት ነበር። አሁን በከተማችን በደብረ ታቦር በመንግሥትም በግልም ይገኛል፤ በአገራችን በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም አዋላጆች ሠልጥነው በትንንሽ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች መመርመር ጀምረዋል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነው። ሴትዮዋ አልጋው ላይ ትወጣለች፣ ሆዷ ላይ ጄል ይቀባል፣ ባለሙያው ስክሪኑን ያያል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፤ ከዚያ «ደኅና ነው፣ ውረጂ» ትባላለች። ደጅ የቆየው ባሏ «ምን አሉሽ?» ሲላት «ደኅና ነው አሉኝ» ትለዋለች። ምኑ ደኅና እንደሆነ፣ ምን ታይቶ ምን እንዳልታየ፣ ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሁለቱም ሳያውቁ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ጄሉ ገና ሳይቀባ ሴትዮዋ ምርመራው ለምን እንደሚደረግላት፣ ምን ሊያሳይ ምንስ ሊያመልጠው እንደሚችል፣ ያልታሰበ ነገር ቢገኝ ምን ምን መንገድ እንዳላት በምትረዳው አማርኛ ልትሰማ ይገባል። ከሰማች በኋላ «እሺ» ማለትም «ይቅርብኝ» ማለትም የእሷ ነው። ሆዷ ላይ መሣሪያው ካረፈ በኋላ የሚነገራት ነገር ምክር ሊሆን ይችላል፤ ምርጫ ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናንሳ። ብዙ እናቶች አልትራሳውንድን «ራጅ» ይሉታል፤ ጨረር ጽንሱን ይጎዳብኛል ብለውም ይሰጋሉ። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። የሚሠራው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ነው፤ ድምፁ ወደ ሆድ ይገባና ከጽንሱ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ማሽኑ ሥዕል ያደርገዋል። ነገሩ የተጀመረው በስኮትላንድ ግላስጎው ነው። ኢያን ዶናልድ የሚባል የማኅፀን ሐኪም ከሥራ ባልደረባው ከጆን ማክቪካርና ቶም ብራውን ከሚባል መሐንዲስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1958 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳወቀው። መሣሪያውን የወሰዱት ከፋብሪካ ነበር፤ ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ለመፈለግ የተሠራ ነው። ለአፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲሠሩ የነበሩት ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኙ ምንኛ በጠቀማቸው! የመሣሪያውን አመጣጥ ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። ከመነሻው የተሠራው የተደበቀን ለመፈለግ መሆኑን ያወቀች እናት፣ ፍለጋ ደግሞ ሊያገኝም ሊስትም እንደሚችል ለመረዳት አይከብዳትም።

ወደ ጊዜው ልምጣ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ፣ 24 ሳምንት ሳይሞላት ደግሞ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። አገራችንም የስምንት ጊዜውን ክትትል ተቀብላለች። 24 ሳምንት ማለት አምስት ወር ተኩል ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ የምትታይ ሴት የጽንሱን ዕድሜ፣ አንድ ወይም መንታ መሆኑን፣ በግልጽ የሚታይ የአፈጣጠር ችግር ካለም እሱን ታውቃለች። በጊዜው ከታየች፣ የተጠረጠረ ችግር ከሌለባት ደግሞ በየወሩ እየተመላለሰች ገንዘቧን መክፈል አያስፈልጋትም። ይህንን የሚነግራት ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኛ ዘንድ ሴት የምትመጣው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንዴ በሠለጠነ ባለሙያ ታይተዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 43 ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከ100 ሠላሳ አይሞሉም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዓይን ይበላኛል፣ ቢወርድብኝስ፣ ገና ሳይታወቅ ምን ብዬ ልናገር የሚል አለ። ውሃ መቅዳቱ፣ ከብቱ፣ ትንሹ ልጅ አለ። መንገድ አለ፤ በተለይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ከቀበሌ ወጥቶ ከተማ መግባት ለነፍሰ ጡር ምን ያህል እንደከበደ እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

መዘግየት ምን ያመጣል? ዕድሜ ማወቅን ያሳጣል። ከ14 ሳምንት በፊት የታየ ጽንስ ዕድሜው በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ይታወቃል። በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ልዩነቱ አሥር ቀን ይደርሳል። ሰባተኛው ወር ከገባ በኋላ ግን ማሽኑ የሦስት ሳምንት ስህተት ሊኖረው ይችላል። ያን ጊዜ ባለሙያው አንድ ትንሽ ጽንስ ሲያይ ዕድሜው ገና ስለሆነ ይሁን፣ ምግብ አልደርሰው ብሎ ቀጭጮ ይሁን መለየት ያቅተዋል። ምጥ ቀድሞ ሲመጣ ልጁ ሰባት ወሩ ነው ወይስ ስምንት ተኩል ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም፤ ቀኑ አልፏል ተብሎ ምጥ በመድኃኒት ይምጣላት ሲባልም ውሳኔው በግምት ይሆናል።

ለዚህ እናቶቻችን ራሳቸው ትልቅ እገዛ ማድረግ ይችላሉ። የመጨረሻ የወር አበባቸውን የሚያስታውሱት በቀን ቁጥር ሳይሆን በበዓል ነው፤ ይህ ደግሞ የታመነ ማስታወሻ ነው። «የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው ያየሁት» ያለች ሴት ጥር 12 ማለቷ ነው። አዋላጆች እንደምታውቁት በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ተቆጥሮ አሥር ቀን ይጨመራል፤ መሐል ጳጉሜን ካለፈ የሚጨመረው አምስት ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሚሆንበት ዓመት አራት። የጥር 12ቷ ሴት እንግዲህ የምትጠብቀው ጥቅምት 17ን ነው። በዓሏን ይዛ በጊዜ የመጣች ሴት፣ ማሽኑና እሷ ሁለት ምስክር ሆነው ቀኑን ያጸኑላታል።

አሁን አንድ ወረቀት አብረን እናንብብ። ከምርመራው በኋላ የሚሰጠውን ወረቀት ማለቴ ነው፤ ታጥፎ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ወደ ቤት የሚሄደውን። በብዙ ቦታ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በምህጻረ ቃል ነው። «ሲንግልተን» ሲል ጽንሱ አንድ ነው ማለት ነው። «ኤፍ ኤች አር 148» ሲል ልቡ በደቂቃ 148 ጊዜ ይመታል፤ ከ110 እስከ 160 ጤናማ ነው። «ሴፋሊክ» ሲል ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፤ በአምስተኛው ወር ግን ጽንስ ገና ስለሚገላበጥ በዚያን ጊዜ መደሰትም መደንገጥም አያስፈልግም። «ሎው ላይንግ ፕላሴንታ» ሲል እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ወደ ማኅፀን በር ተጠግቷል። ይህን ያነበበ ዘመድ እናትየዋን ያስለቅሳታል። ብዙ ጊዜ ግን ማኅፀን እያደገ ሲሄድ እንግዴ ልጁ ከበሩ ይርቃል፤ የሚያስፈልገው በስምንተኛው ወር አካባቢ ደግሞ መታየት ነው። ያ ድጋሚ ምርመራ ግን እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም፤ እንግዴ ልጁ በሩን ዘግቶ ከቀረ ምጥ ሲመጣ ደም ይፈሳል፤ ቤት ውስጥ የሚቆም ደም አይደለም።

ከወረቀቱ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ አንድ መስመር አለ፦ የመውለጃው ቀን። በፈረንጅ አቆጣጠር «27/10» ተብሎ ይጻፋል። ለጸሐፊው ኦክቶበር 27 ነው፤ ይህም ጥቅምት 17 ማለት ነው። አንድ ማንበብ የሚችል ልጅ ለእናቱ ሲያነብላት ግን አሥረኛው ወር ሰኔ ነውና «ሰኔ 27» ይላታል። ከጥር 12 እስከ ሰኔ 27 አምስት ወር ተኩል ነው፤ ይህማ ሊሆን አይችልም ብላ ወረቀቱን ትጥለዋለች፤ ወይም ሆስፒታሉን ማመን ታቆማለች። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ በፊደል፣ ካስፈለገም «የጥቅምት እስጢፋኖስ» ብሎ መጻፍ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ «ግልጽ የአፈጣጠር ችግር አልታየም» የሚል ይኖራል። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ከ15,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር፤ በዚያ ጥናት አልትራሳውንድ በመደበኛነት ከታዩት እናቶች መካከል የአፈጣጠር ችግር ከነበረባቸው ጽንሶች ከመወለዳቸው በፊት የተለዩት 35 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማሽኖች ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ እጅም ሠልጥኗል። ቢሆንም በየትኛውም አገር ሁሉን የሚያይ ማሽን የለም። «ደኅና ነው» ተብላ ሄዳ ችግር ያለበት ልጅ የወለደች እናት ተታለልኩ እንዳትል ይህ ቀድሞ ሊነገራት ይገባል። ስለ ጾታም እንዲሁ፤ ብዙዎች የሚመጡት ለዚያ ነው፤ ሆኖም ሊሳሳት የሚችል ግምት ነው። ሕንድ ሴት ጽንሶች እየተመረጡ ሲወገዱባት እ.ኤ.አ. በ1994 በሕግ ጾታ መንገርን ከልክላለች። እኛም ልጅ ሲጠበቅ «ወንድ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአፋችን ቀድመን ባናወጣው እመርጣለሁ።

ወገኖቼ፣ ማሽን ብቻውን ነፍስ አያድንም። ይህን የምለው ገምቼ አይደለም። በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በጓቲማላ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ገጠሮች ባሉ ጤና ጣቢያዎች አልትራሳውንድ ገብቶ፣ ባለሙያ ሠልጥኖ፣ ካልገባባቸው አካባቢዎች ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የእናቶችም የጨቅላዎችም ሞት አልቀነሰም፤ ችግር የታየባቸው እናቶች ሆስፒታል ሄደው የመውለዳቸው ነገርም አልጨመረም። በእኔ አስተያየት ከዚያ ጥናት እኛ መማር ያለብን ከስክሪኑ ወዲህ ያለውን መንገድ ማየትን ነው።

ከስማዳ ወገዳ አካባቢ የመጣች መንታ ያረገዘች እናት እናስብ። መንታ መሆኑ በአምስተኛው ወር ታወቀ። ጥሩ። ሆስፒታል መውለድ እንዳለባትም ተነገራት። በስምንተኛው ወር ክረምት ነው፤ ከቀበሌዋ እስከ ዋናው መንገድ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። እናቶች ማቆያ ገብታ ብትጠብቅ ይሻላል። ከገባች ግን እንጀራውን ማን ይጋግር? ትንሹን ማን ይያዝ? ላሟን ማን ይለብ? አማቷ «እኔ ሰባት የወለድኩት ቤቴ ነው» ብትልስ? ለዚች ሴት እውነተኛ ምርጫ የሚፈጠረው ባሏና አማቷ በአምስተኛው ወር በዚያች ክፍል ተቀምጠው የሰሙ እንደሆነ ነው፤ ለዝግጅት ሦስት ወር አላቸውና። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ከፈቀደች፣ እሷ ከፈቀደች ብቻ፣ ደጅ የቆመውን ባል ወደ ውስጥ አስገቡት። የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ በየቀበሌው ቡና እየተፈላ ይካሄዳል፤ አማቶችም ይጠሩበት።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ማሽኑ መጥፎ ነገር ቢያሳይስ?

በአገራችን ብዙ የሚታየው የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ክፍተት ነው። በአዲስ አበባ በሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጽሑፍ ከ10,000 ወሊዶች 61 ገደማ ተገኝቷል። ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚላከው የከፋው ስለሆነ ቁጥሩ በዚህ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያም ሆኖ በዓለም ደረጃ ከሚገመተው፣ ከ10,000 ወደ 20 ገደማ ከሆነው፣ እጅግ ይበልጣል። አንዱ ዓይነት የራስ ቅሉና አንጎሉ ሳይፈጠር የሚቀርበት ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ቢወለድም በሕይወት አይቆይም። ሌላው ጀርባ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ክፍት ሆኖ የሚቀርበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀም ይከተለዋል። ይህኛው ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ቀዶ ጥገናው በተወለደ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቢደረግለት ደግሞ ይሻላል። ስለዚህ ቀድማ ያወቀች እናት የነርቭ ቀዶ ሐኪም ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ለመውለድ መዘጋጀት ትችላለች።

ሕጋችንም ሊነገራት ይገባል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት እርግዝናው በጤና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ፈቀደ እንጂ አላዘዘም። በዚህ አዳራሽ ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እምነታችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን ሕጉ መኖሩን ከእናትየዋ መደበቅ ለእሷ ሆኖ መወሰን ነው። በዚያው ልክ ባለሙያው «ምን ያደርግልሻል፣ አውጪው» ብሎ ቢያጣድፋትም ለእሷ ሆኖ መወሰን ነው። እስከ መጨረሻው እሸከመዋለሁ፣ አጠምቀዋለሁ፣ እቀብረዋለሁ የምትል እናት አለች፤ ትደገፍ። አልችልም የምትልም አለች፤ አትሰደብ። ጊዜ ስጧት፤ ከባሏ፣ ከፈለገችም ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር፤ ሁለተኛ ባለሙያም ይይላት።

ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለሁሉም ነፍሰ ጡሮች የዳውን ሲንድረም ምርመራ ስታቀርብ ምርጫው የእናትየዋ ነው ብላ ነው የጻፈችው። ይሁን እንጂ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ቁጥር በፍጥነት ሲያሽቆለቁል በነፃነት መምረጥና መገፋፋት የት ላይ እንደሚለያዩ እዚያም ብዙ አከራክሯል። በእኛ አገር ዲቦራ ፋውንዴሽን ለእነዚህ ልጆች የተቋቋመ ነው፤ ከእንዲህ ያሉ ልጆች ወላጆች ጋር መገናኘትም ከመወሰን በፊት ሊደረጉ ከሚገቡ ነገሮች አንዱ ነው።

ሲነገራት እንዴት ይነገራት? ልብሷን ለብሳ፣ ተቀምጣ፣ በሩ ተዘግቶ። ባለሙያው ስክሪኑን እያየ ዝም ሲል፣ ሌላ ባለሙያ ጠርቶ በእንግሊዝኛ ሲንሾካሾክ፣ አልጋው ላይ ያለችው ሴት ፊታቸውን ታነባለች። «እህቴ፣ የምፈልገውን በደንብ ለማየት ጊዜ ያስፈልገኛል፤ እንደጨረስኩ ሁሉን እነግርሻለሁ» ማለት ይቻላል። ተማሪዎች፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ልመዱት።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከአልትራሳውንዱ የሚቀድም ነገር ነው። ያ የሕብለ ሰረሰር ክፍተት የሚፈጠረው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ሴትዮዋ የወር አበባዬ ቀረ ብላ ገና ስትጠራጠር። በክትትል ጊዜ የሚሰጣት የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለዚህ ግን አልፏል። ፎሊክ አሲድ በቀን 0.4 ሚሊግራም ከማርገዝ በፊት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መጀመር አለበት። እንዲህ ያለ ልጅ ከዚህ በፊት የወለደች እናት ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ አሥር እጥፍ፣ 4 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በብዙ አገሮች የተካሄደ ጥናት ይህ መጠን ችግሩ ዳግም እንዳይመጣ 72 በመቶ ያህል እንደሚከላከል አሳይቷል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥቷል፤ መልካም ነው። ጉና ተራራ ሥር ያለች እናት ግን የምትበላው የራሷን ገብስ፣ የራሷን ስንዴና ድንች ነው፤ እህሏን በቀበሌው ወፍጮ ታስፈጫለች እንጂ የታሸገ ዱቄት አትገዛም። ስለዚህ ደረጃው እሷ ጋ አይደርስም፤ ክኒኑ መድረስ አለበት።

መንገዱ አለን። ብዙ አጥቢያዎች ሙሽሮች ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገው ወረቀት እንዲያመጡ ይጠይቃሉ። ሁለቱም ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በዚያች ሰዓት ሙሽሪት ልጅ ለመውለድ አስባ እንደሆነ ትጠየቅ፤ ካሰበች ፎሊክ አሲዱ ይሰጣት፤ የወር አበባዋን በበዓል እንድትይዝ፣ ከቀረ በሦስት ወር ውስጥ እንድትመጣ፣ አልትራሳውንድ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ያኔውኑ ይነገራት። ሠርጉ ጥር ላይ ስለሆነ ክኒኑ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ መጀመር አለበት። ስለዚህ ካህናት አባቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ኅዳር ላይ ተገናኝታችሁ ብትነጋገሩ፣ የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤቶችም መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው መኖሩን ከዚያ በፊት ቢያረጋግጡ እላለሁ። አሁን ጥያቄ እንቀበል፤ ከእናቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል።